ጓንቱ ውስጥ የተተወው ወረቀት

ካፌ ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ በሩን እያየሁ ነው የምቀመጠው። ልጆቼ ይስቁብኛል። «አባዬ፣ ማን ሊይዝህ ነው?» ይሉኛል። ማንም እንደማይፈልገኝ አውቃለሁ። የደርግ ዘመን ያሳደገው ሰው ግን ወንበር ሲመርጥ እንዲህ ነው። እናቴም ነፍሷን ይማርና «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ሳትል ከቤት አስወጥታኝ አታውቅም ነበር። እኔ ደግሞ የተባልኩትን ከልክ በላይ የምሰማ ልጅ ነበርኩ። ያ ጥርጣሬ በሦስት ቀን ውስጥ ያሠራኝን ነገር ዛሬ ልንገራችሁ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነኝ። ስሜ ደሳለኝ ነው፤ ጓደኞቼ ደሱ ይሉኛል። ጉርድ ሾላ አጠገብ ባለ የጣውላ ፋብሪካ መጋዝ ክፍል እሠራለሁ፤ ከሥራ በኋላ ለፋብሪካው ቡድን መሐል ተከላካይ ሆኜ እጫወታለሁ። አምበልም ነበርኩ። ቡድናችን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ምን እንደነካን እንጃ፣ በአገር አቀፉ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አንዱን ስንጥል ሌላውን ስናልፍ ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ጥሎ ማለፍ መልስ ጨዋታ የለውም፤ የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

እኛ ግን ብንሸነፍ የምንሄደው ወደ ቤታችን አልነበረም። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና አዲስ ዙር ምልመላ ተጀምሮ፣ ቀበሌው ከፋብሪካችን ሰው ይጠብቅ ነበር። ከተጫዋቾቹ እኔን ጨምሮ የስድስታችን ስም ወጥቷል። የፋብሪካው የፓርቲ ተጠሪና የቡድን መሪያችን ጓድ ታደለ ቀበሌ ድረስ ሄዶ «ልጆቹ ዋንጫው ውስጥ እስካሉ ይቆዩልኝ» ብሎ አስፈቀደ። ስለዚህ ባሸነፍን ቁጥር ሁለት ሳምንት ዕድሜ ይጨመርልናል። ብንሸነፍ በማግስቱ ማሠልጠኛ ነን።

ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ በቀደመው ዙር ሄዶ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም አለ። እናቴ ፖስታ ቤት እየተመላለሰች ጫማ ጨርሳለች። ሁለተኛ ልጇንም ብትሸኝ የምትተርፍ አይመስለኝም ነበር። ይህን የምለው ሁሉን በእናቴ ለማሳበብ አይደለም። ራሴም በጣም እፈራ ነበር።

አሁን ወደ ጥርጣሬው ልምጣ። በሩብ ፍጻሜው አሠልጣኛችን ጋሽ ወርቁ የቀኝ ተመላላሹን ቀይሮ አዲስ ልጅ ለማሰለፍ ወሰነ። ለእኛ የነገረን በር ዘግቶ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ግን ተጋጣሚያችን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ፈጣኑን አጥቂውን በዚያው አዲስ ልጅ ላይ ለቀቀበት። በመጨረሻ ደቂቃ ግብ በመከራ አለፍን። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስንገባ ጋሽ ወርቁ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ከመሐላችን አፉን የማይሰበስብ ሰው አለ» አለ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ቡድኑ ቡድን መሆኑ ቀረ። ጋሽ ወርቁ አሰላለፉን ካልሲው ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ። ሁላችንም ውኃ የምንጠጣው ከየራሳችን ጠርሙስ ሆነ። ሁለት ሰው ጥግ ይዞ ካወራ ሦስተኛው ሳል እያስመሰለ ይጠጋል። ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ደግሞ ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎልን ካምፕ ገባን፤ ያለ ፈቃድ መውጣት ተከለከለ።

እኔ ዓይኔን የጣልኩት በበረኛችን በከድር ላይ ነበር። ከድር ፋብሪካው ከገባ አራት ወሩ ነው። ጋሽ ወርቁ አንድ የሠፈር ውድድር ላይ አይቶት አምጥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀጠረው። እናቱ እትዬ ዘሃራ ሾላ ገበያ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነው። ሲጋራ አያጨስም፤ ኪሱ ውስጥ ግን ባዶ የሲጋራ ፓኮ አይጠፋም። ፓኮውን ይተረትረውና ነጩ ገጽ ላይ በእርሳስ የሆነ ነገር ይጽፋል። አንዴ «ምንድነው የምትጽፈው?» ብዬ ብጠይቀው «የሚረሳ ነገር ነው» ብሎ አጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ይበቃል።

በግማሽ ፍጻሜው የደረሰን አንድ የጦር ክፍል ቡድን ነበር፤ ጨዋታው እሑድ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ከድር ለጁምዓ ሶላት ፈቃድ ጠየቀ።

«ሂድ» አለው ጋሽ ወርቁ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን እዚህ ላግኝህ።»

እኔም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጉንጬን ይዤ «ጋሽ ወርቁ፣ ጥርሴ አላስቀምጥ አለኝ፤ ክሊኒክ ደርሼ ልምጣ» አልኩ። ቀና ብሎም ሳያየኝ ፈቀደልኝ። ቀይ ሹራቤን ደርቤ ወጣሁ።

ከድር በእግሩ ሾላ ገበያ ወረደ። መስጊድ ገባ፤ እውነቱን ለመናገር ሰገደ። እኔ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ መሐል ቆሜ ጠበቅኩት። ሲወጣ እናቱ መደብ ጋ ሄደ። እትዬ ዘሃራ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችው፤ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረችው። አሁን ወደ ካምፕ ይመለሳል ስል እሱ በተቃራኒው ወደ ገርጂ ታጠፈ።

ገርጂ ያኔ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረም። የግንቦት ዝናብ ጀምሮ ገበሬው ማሳውን አርሶታል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከፊቴ መቶ ሜትር ያህል ርቆ ይሄዳል። ወንዟን ሲሻገር ድንጋይ ላይ ቆሞ ዞር አለ። ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ። አላየኝም ብዬ ተነሣሁ። ከበላያችን ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን እያጓራ ሲያልፍ እንኳ ዓይኔን ከጀርባው ላይ አላነሣሁም።

የቆመው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ባለ የጦር ግቢ በር ላይ ነው። የእሑድ ተጋጣሚዎቻችን ልምምድ የሚሠሩት እዚያ ግቢ ውስጥ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሩን የሚጠብቀው ወታደር ከድርን ሲያይ ፊቱ በራ። ትከሻ ለትከሻ ተቃቀፉ። ከድር ጥቅሉን ሰጠው፤ ወታደሩ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠውና በትንሿ በር አስገባው።

ባሕር ዛፍ ተደግፌ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከአጥሩ ወዲያ የኳስ ድምፅና ፊሽካ ይሰማል። የባሕር ዛፉን ልጥ በጥፍሬ እልጥ ነበር። በንዴት ነው ብዬ ነበር ያኔ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ደስታም ነበረበት። ጠርጥሬ ልክ ሆንኩ!

ከድር ወጣ። የታረሰው ማሳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፓኮውንና እርሳሱን አወጣ። ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ እያሰበ፣ እየሰረዘ ጻፈ። አሰላለፋችንን አሳልፎ ሰጥቶ የወጣ ሰው ምን የሚጽፈው ነገር አለው ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። መጻፉ ብቻውን በቃኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ካምፕ ስመለስ ጋሽ ወርቁን ኳስ ሲነፋ አገኘሁት።

«ጋሽ ወርቁ፣ አፉን የማይሰበስበውን ሰው አገኘሁልዎት።»

ሁሉንም ነገርኩት። የእጅ ፓምፑን ሳያቆም ሰማኝ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።»

«ሲገባ ነው ያየኸው ወይስ ሲናገር?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነትማ አለው ልጄ።» ኳሱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሞከረው። «ነገ ከልምምድ በኋላ ብቻውን አናግረዋለሁ። እስከዚያ አፍህን ያዝ። በተለይ ለታደለ እንዳትተነፍስ። እሱ ጋ የደረሰ ነገር አይመለስም።»

ልብ ያለው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ፍራሼ ላይ ጋደም ብዬ ጋሽ ወርቁን መጠርጠር ጀመርኩ። ከድርን ያመጣው እሱ አይደለም? ሥራ ያስቀጠረው እሱ አይደለም? ነገሩን ስነግረው ለምን አልደነገጠም? ለምንስ ከታደለ ይደብቀዋል? ከድር ሁለት ፍራሽ አልፎ ተኝቷል። እንቅልፉ የሰላም ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጓድ ታደለን ቢሮ አንኳኳሁ።

ጓድ ታደለ ክፉ ፊት የለውም። ወንበር ሳበልኝ። ስናገር በጥሩ እጅ ጽሑፍ እየመዘገበ፣ «የስንት ሰዓት ነገር ነው? ጥቅሉ ምን ያህላል? ጋሽ ወርቁ ያውቃል?» እያለ ይጠይቃል። ለመጨረሻው ጥያቄ «አላውቅም» ብዬ ዋሸሁ። እዚያ ላይ እንኳ ሰው አዳንኩ ብዬ እጽናናለሁ። ስጨርስ ተነሥቶ ጨበጠኝ።

«ንቁ ሰው ማለት እንዲህ ነው» አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ከድር ልምምድ ሊወርድ ስለነበር ጓንቱን አድርጓል። ጓንቱ ቡናማ፣ መዳፉ ላይ ጎማ ያለው፣ ሁለት ጊዜ በመርፌ የተሰፋ ነበር። ጓድ ታደለ መሐል ላይ አቆመው።

«ትናንት የት ነበርክ?»

«ጁምዓ።»

«ከጁምዓ በኋላ።»

ከድር የጓንቱን ስፌት ነካካ።

«የተጋጣሚ ግቢ ገብተሃል፤ አልገባህም?»

«ገብቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ዓይኔን ሰበርኩ።

«አሰላለፍ ሰጥተሃል?»

«አልሰጠሁም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ገባህ? ማነው ያስገባህ? በሩ ላይ ያቀፍከው ማነው?»

ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስቱንም ጊዜ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ጋሽ ወርቁ «ጓድ ታደለ፣ እባክህ እኔ ለብቻው ላነጋግረው» ሲል «ጊዜው አልፏል» ተባለ።

«እንግዲህ ከዝርዝሩ ወጥተሃል» አለ ጓድ ታደለ።

የትኛው ዝርዝር ብሎ የጠየቀ የለም። ከቡድኑ ዝርዝር የወጣ ቀበሌ ካስቀመጠው «ይቆዩልኝ» ከሚለውም ዝርዝር ይወጣል። ከድርም ስሙ ከወጣው ከስድስታችን አንዱ ነበር። እኔ ይህን አላሰብኩትም ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አስቤዋለሁ። እሱ የኛን ዕድሜ ከሸጠ የራሱ ይሂድ ብዬ ነበር።

ከድር ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ወስዶም ለተቀያሪው በረኛ ለአበራ ሰጠው።

«ትሰፋሃለች» አለው። «አንጓዋ ላይ በፕላስተር አጥብቃት። ነገ ከማድረግህ በፊት ደግሞ ገልብጠህ አራግፋት።»

ከዚያ እኔን አየኝ። አስተያየቱ የተያዘ ሌባ አስተያየት ነው ብዬ ደመደምኩ።

እሑድ ጠዋት የፋብሪካው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ስታዲየም ስንሄድ በቀበሌው በኩል አለፍን። ምልምሎች ተሰልፈዋል። ከድር ከፊት ሦስተኛ ነበር፤ የትናንቱን ልብስ እንደለበሰ ነው። እናቱ ከአብዮት ጥበቃዎቹ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ እጇ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ያ ጥቅል ዓርብ ካየሁት ጋር አንድ ዓይነት ነበር። በሶ ነው። ጫፉ ተቀዶ ዱቄቱ ነጠላዋ ላይ ይፈስሳል። ይህን ባየሁ ጊዜ ራሴን መጠራጠር ቃጣኝ። ቢሆንም ራሴን ገሠጽኩ፤ በሶም ውስጥ ወረቀት ይደበቃል አልኩ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስንደርስ አበራ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ሳበኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደሱ፣ እንዳለኝ ሳራግፋት ይሄ ወደቀ።»

የሲጋራ ፓኮ ነው። በእርሳስ፣ በትናንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «10 ቀኝ ታች። 6 ግራ፣ ከፍ አድርጎ። 4 ግራ ታች፤ ከመምታቱ በፊት ማሊያውን ያስተካክላል። 8 ቀኝ፣ በጣም ኃይለኛ። 9 ግራ፤ ቀኝ እያየ ነው የሚመታው።» ከሥሩ ደግሞ፦ «ግራና ቀኝ ያልኩት በበረኛው ነው።»

የተጋጣሚያችን ሪጎሬ መቺዎች የማሊያ ቁጥርና የፍጹም ቅጣት ምት አቅጣጫቸው ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ይህን ያነበበ ጤነኛ ሰው ምን እንደሚያስብ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ምን አልኩ?

«ወጥመድ ነው» አልኩት። «ሆን ብሎ ነው የተወልህ። ሪጎሬ ከደረስን ተቃራኒውን ውደቅ።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«አምበልህ ነኝ፤ የምልህን አድርግ።»

ስለ ጨዋታው ብዙ አልልም። ዘነበ፤ ሜዳው ጨቀየ፤ እነሱ ቀድመው አገቡ፤ እኛ ከዕረፍት በኋላ በማዕዘን ምት አቻ ሆንን። የጭማሪ ሰዓቱም ባዶ አለቀ። ዳኛው ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ ሳንቲም ጣለ፤ እነሱ እንዲጀምሩ ደረሳቸው።

10 ቁጥራቸው መጣ። አበራ እንደነገርኩት በግራ ወደቀ፤ ኳሱ በቀኝ፣ ታች ገባ። የእኛም የመጀመሪያ መቺ አገባ። 6 ቁጥራቸው መጣ። አበራ በቀኝ ወደቀ፤ ኳሱ በግራ፣ ከፍ ብሎ ገባ። ልክ እንደ ወረቀቱ። የእኛ ሁለተኛ መቺ የግቡን አንግል መታ። ሁለት ለአንድ እየተመራን ነው።

አበራ ከጭቃው ተነሥቶ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ እኔ አየ። እጄን ላነሣ ፈለግኩ፤ እምቢ አለኝ። ያኔ እንኳ «ሁለቱን እውነት ጽፎ በሦስተኛው ሊበላን ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አበራ ግን ከእንግዲህ የእኔን ፈቃድ አልጠበቀም። ፊቱን አዞረ።

4 ቁጥራቸው ኳሷን አስቀመጠ። ወደ ኋላ ሄደ። ቆም ብሎ ማሊያውን አስተካከለ። አበራ በግራ፣ ታች ወደቀና ኳሷን በሁለት እጁ አቀፋት። ሕዝቡ ሲያብድ እኔ የሰማሁት የለም። የማየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እያሰበ፣ እየሰረዘ የሚጽፈውን ልጅ ነበር።

ሦስተኛችን አገባ። 8 ቁጥራቸውን አበራ በትክክለኛው በኩል ወድቆ በጣቱ ነካው፤ ኃይለኛ ስለነበር አለፈ። አራተኛችን አገባ። 9 ቁጥራቸው ቀኝ ቀኙን እያየ መጣ። አበራ በግራ ወደቀ፤ ያዘው። ሦስት ለሦስት ሆነን አምስተኛው መቺ እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። መታሁ፤ ገባ። ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩ፤ ከሥራቸው ሆኜ አለቀስኩ። በደስታ ነው የመሰላቸው።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ጓድ ታደለ እየሳቀ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«የምሥራች ልንገርህ። ቀበሌው ሌላውን ከሌላ ቦታ ሞልቶ፣ ከእኛ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። በከድር ኮታችን ሞልቷል። ዙሩ ተዘግቷል። እናትህን ደስ አሰኛት። ለሰጠኸን ጥቆማም ፋብሪካው ያመሰግንሃል።»

ጥቆማ። ያን ሁሉ ሳምንት ጆሮ ጠቢ ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ በስሜ የተመዘገበ ጥቆማ ያለኝ እኔው ሆንኩ። ወረቀቱን ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው፣ አጥፎ መለሰልኝና፣ «ብቻውን አናግረዋለሁ ብዬህ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አውርቶኝ አያውቅም።

ሰኞ በማለዳ ቀበሌ ሄድኩ። «ምልምሎቹስ?» አልኩት ዘበኛውን። «ትናንት ከሰዓት ተጫኑ» አለኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለማን ላሳየው? ከድር ንጹሕ ነው ለማለት ማን እንዳስገባው መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያንን ደግሞ አላውቅም። ደፋር ብሆን ቢያንስ እጮህ ነበር። አልጮህኩም። ተመልሼ መጋዜ ላይ ቆምኩ።

በፍጻሜው ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ወሬ ያወጣው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ማንም አልነበረም። ያ የሩብ ፍጻሜ ቡድን ዓይን ስላለው ብቻ ደካማው ልጅ የቱ እንደሆነ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ለይቶት ይሆናል።

ለእትዬ ዘሃራ መናገር አቃተኝ። ግን ሾላ መመላለስ አላቆምኩም። ጆንያ አነሣላታለሁ፤ ደብዳቤ ሲመጣ አነብላታለሁ። «ከልጄ ጓደኞች የቀረኸኝ አንተ ነህ፤ አላህ ይጠብቅህ» ትለኛለች። ያቺ ምርቃት እንዴት እንደምታቃጥል ልነግራችሁ አልችልም። የወንድሜ ደብዳቤ ግን አልመጣም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ወደ መደቡ ስጠጋ እርድ የሚመዝን ረጅም ሰው አየሁ። የሚመዝነው በግራ እጁ ነው፤ ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ከድር ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እግሬ ሂድ ሂድ እያለኝ ቆምኩ።

«ዘጠኝ ቁጥሩ በግራ መታ?» አለኝ።

«በግራ መታ» አልኩት። «ቀኝ እያየ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሚዛኑን አስቀመጠ።

«ከድር፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ለታደለ...»

«አውቃለሁ» አለ። «ወንዙን ስሻገር አይቼሃለሁ። ያ ቀይ ሹራብህ ከቦሌም ይታያል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? በሩ ላይ የነበረው የአክስቴ ልጅ ነው። በሶ አድርሼለት በወጥ ቤት በኩል ልምምዳቸውን አሳየኝ። ስሙን ብጠራ ይረሽኑት ነበር።»

«ለኔስ? ለኔ ቀድመህ ብትነግረኝ?»

«ላንተ?» ሳቀ። «ሁላችን አንዳችን አንዳችንን ስንጠብቅ አልነበር? ጠዋት ጓንት ውስጥ ሳስቀምጣት ሳይቀር ማን አየኝ ብዬ ዞሬያለሁ። ካልሲዬን ሊፈትሹ ነው ብዬ ነው ወደዚያ ያዛወርኳት።»

«እያወቅክ ለምን ተውክልን?»

ከድር ትንሽ አሰበ። «መጀመሪያ ዓመት ላይ ብትጠይቀኝ አንቄህ ነበር። ብዙ ጊዜ በሐሳቤ አንቄሃለሁ። ኋላ ደከመኝ። ያን ቀን ግን ያሰብኩት ብትሸነፉ አምስታችሁም ትመጣላችሁ ብዬ ነው። ደግሞ አንተን እዚያ ምሽግ ውስጥ አጠገቤ አስቤህ... እዚያም ልትሰልለኝ ነው?»

ልሳቅ ላልቅስ አላወቅኩም። ወዳጄ አንባቢ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔም እስከዚያች ዕለት ድረስ በዚህች አባባል ነው የኖርኩት። አባባሏ ግን ግማሽ ናት። እኔ ጠርጥሬ ሌላ ሰው ነው የተመነጠረው። ያየሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ጥቅሉም፣ በሩም፣ ጽሑፉም። ጋሽ ወርቁ እንዳለው ሲገባ አየሁ እንጂ ሲናገር አልሰማሁም። አንድ ቀን ብቻ አፌን ብይዝ ይበቃ ነበር። ዛሬም በሩን እያየሁ እቀመጣለሁ፤ ያ አይለቀኝም። ስለ ሰው ክፉ ስሰማ ግን አንዲት ሌሊት ሳላሳድር አላወራም፤ ሳሳድረው አብዛኛው ወሬ የማይወራ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ያን ጠዋት ልሄድ ስነሣ ከድር በግራ እጁ ሹራቤን ያዝ አደረገኝ።

«ወንድምህስ?» አለ። «ተስፋዬ። ደብዳቤ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እኔም አላገኘሁትም» አለ። «በደረስኩበት ጦር ሁሉ ስሙን እየጠራሁ ጠይቄልህ ነበር።»